ስለ ጠብመንጃ ቅባት በፎገራ ሜዳ

ስለ ኢትዮጵያ የጦር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ስንት ጠብመንጃ ነበረ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠብመንጃ እንደ ብር በቍጥር ብቻ የሚታወቅ ሀብት አይደለም። ክረምቱን በጎጆ ምሰሶ ተሰቅሎ የከረመ፥ አፈሙዙን ዝገት የበላው፥ መዝጊያው የተጣበቀ ጠብመንጃ በመዝገብ አንድ ተብሎ ይቈጠር ይሆናል፤ በጦር ሜዳ ግን ከዱላ አይሻልም። ስለዚህ ከቍጥሩ ቀጥሎ መጠየቅ የሚገባው «በምን ይወለወልና ይቀባ ነበር?» የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የፎገራ ሜዳ ለነፍጠኛው ያቀረበለትን ቅባት እየለየን፥ እያንዳንዱ በየወራቱ ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅምና ጕዳት እንመረምራለን።

አገሩ ራሱ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተዘርግቶ ይገኛል። ርብና ጕማራ የሚባሉት ወንዞች ሁለቱም ከጕና ተራራ ተነሥተው በዚሁ ሜዳ አልፈው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ወንዞቹ ከዳር ዳር እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጥቁሩ የዋልካ አፈርም ጭቃ ይሆናል። በበጋ ደግሞ ያው ዋልካ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፥ መንገዱም አቧራ ይሆናል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ የጕና ራስ ግን ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በዚህ አውራጃ ጠብመንጃ ይዞ የሚዘምት ሰው በአንድ ዘመቻ ውስጥ እርጥበትን፥ አቧራንና ውርጭን ሊያገኝ ይችላል። ለአንዱ የሚበጀው ቅባት ለሌላው ይከፋል።

ነፍጥ ወደ ጣና ዙሪያ የገባው በቅርብ ጊዜ አይደለም። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት የወደቀው በነፍጥ ተመትቶ ነው። በ1763 ዓ.ም. በሰርባኩሳ ጦርነት የተሰለፈው የራስ ሚካኤል ስሑል ኃይልም በዋነኛነት በትግሬ ነፍጠኞቹ ላይ የቆመ ነበር። የዚያ ዘመን ነፍጥ በሚነድ ክር የሚተኰስ ስለ ነበረ ዝናብ ሲመጣ ክሩም ባሩዱም ከንቱ ይሆናሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ እስከ ማስቀለጥ ደረሱ፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የተሠራው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሰናድር፥ ቀጥሎም ውጅግራ እየበዛ ሄደ። ውጅግራ ማለት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 በፈረንሳይ የወጣው የግራ ጠብመንጃ ነው፤ ስሙም ከ«ፊዚ ግራ» የመጣ ነው። ይህ ጠብመንጃ ከበስተ ኋላ የሚጐርስና የብረት መዝጊያ ያለው በመሆኑ የቅባት ነገር ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆነ፤ መዝጊያው ካልተንሸራተተ አይተኰስምና።

ለጠብመንጃ ቅባት የሚፈለጉት ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብረቱን ከእርጥበት መከልከል፥ ሁለተኛው የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ማለስለስ፥ ሦስተኛው አቧራን አለመያዝ ነው። ችግሩ ግን እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆናቸው ነው። ወፍራም ቅባት ዝገትን ይከለክላል፥ ነገር ግን አቧራውን እንደ ጭቃ ያቦካዋል፤ በብርድም ይረጋል። ቀጭኑ ደግሞ መዝጊያውን ያቀላል፥ ነገር ግን በክረምት ቶሎ ይጠፋል።

አሁን የሜዳውን ቅባት አንድ በአንድ እንመልከት። ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚመጣው ቅቤ ነው። ጥሬ ቅቤ በውስጡ ውሃና አሬራ ስላለ ብረት ላይ ቢቀባ ከዝገት ከማዳን ይልቅ ዝገትን ይጠራል። የተነጠረው ውሃው ስለ ወጣለት የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሲቈይ ይሻግታል፥ የሻገተ ቅቤም ኮምጣጣ አሲድ ያወጣና ናስንና ብረትን ይበላል። ከዚህም በላይ ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለ ሆነ በሜዳው ቀትር ይፈስሳል፥ በጕና ሌሊት ግን እንደ ሰም ይጠነክራል። የበግና የበሬ ሞራ ከቅቤ ይልቅ የሚቀልጠው በበለጠ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ በቆላማ ስፍራ ይረጋል፥ በብርድ ግን ከቅቤ የባሰ ይደርቃል።

ሁለተኛው ኑግ ነው። የኑግ ዘይት ቀጭንና ጥሩ መስሎ ስለሚታይ ያልተማረውን እጅ ያታልላል። ከውስጡ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ ነው፤ ይህም አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይወፍርና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ነገሩን ለመረዳት ወደ ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። ባልቴቲቱ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ በጎመን ዘር ደጋግማ የምታሸው ዘይቱ በእሳት ደርቆ ልስልስና ጥቁር ልባስ እንዲሆንላት ነው። በምጣድ ላይ የሚመሰገነው ይህ ጠባይ በጠብመንጃ መዝጊያ ውስጥ ጥፋት ነው። በኑግ የተቀባና ለብዙ ወራት የተቀመጠ ጠብመንጃ ምላጩ ቢሳብ መርፌው በሰነፍ ይወረወርና ጥይቱ ላይተኰስ ይችላል።

ሦስተኛው ጉሎ ነው። ጉሎ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፥ ቆዳ አልፊዎች የሚያውቁት ተክል ነው። ዘይቱ እንደ ኑግ አይደርቅም፤ ወፍራም ሆኖ ብረቱን ይይዛል፥ እንደ ቅቤም በቀላሉ አይረጋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፓ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ሞተራቸውን የሚያለሰልሱት በዚሁ በጉሎ ዘይት ነበር። ስለዚህ የሜዳውን ቅባት ሁሉ አወዳድረን ብንፈርድ፥ ለሚንቀሳቀሰው ክፍል ጉሎን፥ ለውጩ ብረት ደግሞ ክረምቱን ለማሳለፍ ሰም የተቀላቀለበትን ሞራ እንመርጣለን። ሰምና ሞራ መቀላቀል የድኻ ዘዴ ነው ተብሎ መናቅ የለበትም፤ የጥቁር ባሩድ ጥይት የሚሠሩ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ነበር።

በዚህ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የጥቁር ባሩድ አመድ እርጥበትን የሚስብ ጨው ነው። የእንስሳትና የእህል ቅባት ይህን አመድ ያለሰልሰዋል፥ የማዕድን ዘይት ግን ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ሬንጅ ያደርገዋል። አመዱንም የሚያጥበው የፈላ ውሃ ነው። እንግዲህ ውጅግራውን በፈላ ውሃ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ሞራ የቀባው ባላገር ከሳይንስ ጋር የተስማማ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1884 ፖል ቪየይ የሚባለው ፈረንሳዊ ጭስ የሌለውን ባሩድ ከፈለሰፈና በ1886 የሌቤል ጠብመንጃ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ ጥቀርሻው ጥቂት ስለ ሆነ አፈሙዙ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ የአብዛኛው ጥይት ማቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት፤ ይህም ሲነድ ከገበታ ጨው ጋር የሚመሳሰል ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ከተኰሰ በኋላ በዘይት ብቻ የሚወለውል ሰው ጨውን ከዘይቱ በታች ይቀብረዋል፤ የፎገራ ክረምት ሲመጣም አፈሙዙ ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ የፈላውን ውሃ ማስቀረት የሥልጣኔ እርምጃ ሳይሆን ስሕተት ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ጐንደርን ከያዘ በኋላ ከመኪናው ጋር የሞተር ዘይትና ግራሶ ወደ አገሩ በብዛት ገቡ። የዐርበኞቹም መሣሪያ ከውጅግራ ጀምሮ ከጠላት እስከ ተማረከው ምንሽር ድረስ የተደባለቀ ነበር። ለአንደኛው የሚስማማው ለሌላው አይስማማም፤ ለምንሽር መዝጊያ የሚጠቅመው ቀጭን የማዕድን ዘይት በውጅግራ አፈሙዝ ውስጥ ጥቁሩን አመድ ያጣብቀዋል፤ መኪና የተወው የተቃጠለ ዘይትም ጥቀርሻና አሲድ ስላለበት ከጥሩ ሞራ ያነሰ ነው።

ምናልባት «የጥይት እጥረት እያለ ስለ ቅባት ማውራት ከንቱ ነው» የሚል ሰው ይገኝ ይሆናል። የጥይት እጥረት ትልቁ ችግር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጥይቱ ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ መተኰስ አለበት። የዛገ አፈሙዝ ቀለሁን ነክሶ ይይዘዋል፥ ሲጐትቱትም ይቀደዳል፤ ቀለሁን ዳግመኛ ለመሙላት ላሰበ ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የቅባቱ ነገር የጥይቱ ነገር አንድ ክፍል ነው።

ቅባት በልማድም በእምነትም የታሰረ ነገር መሆኑን መርሳት አይገባም። በሕንድ አገር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1857 ወታደሮቹ በእንግሊዝ ላይ ለመነሣታቸው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ፥ በጥርስ የሚቀደደው የጥይት ወረቀት የላምና የአሳማ ሞራ ተቀብቷል የሚለው ወሬ ነበር።

የዐርበኝነቱን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ እጅግ ጥቂት ናቸው። የእነርሱንና የልጆቻቸውን ቃል ለመሰብሰብ ወደ ወረታና ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ተማሪ የጠብመንጃውን ስምና የባለቤቱን ጀግንነት ብቻ ጽፎ እንዳይመለስ አደራ እንላለን። በክረምት የት ይሰቀል እንደ ነበረ፥ በምን ይታጠብና በምን ይቀባ እንደ ነበረ፥ ቅባቱንም ማን ያዘጋጅ እንደ ነበረ ይጠይቅ። የቅባቱ አዘጋጅ የቤቱ እመቤት ወይም ቆዳ አልፊው ሆኖ ቢገኝ፥ እስከ ዛሬ በጦር ታሪክ ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ሥራ ይገለጣል።