አንድ መሬት፣ ብዙ አዋጆች፦ የአቃቂ ቃሊቲ ይዞታ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ



የዛሬው ንግግሬ ስለ መሬት ነው ቢባልም ይበልጡን ስለ ቀን ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የአንድን ባለይዞታ መብት ለማወቅ ከመሬቱ ስፋት አስቀድሞ የተያዘበትን ወይም የተወሰደበትን ቀን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በባቡር ጣቢያና በፋብሪካዎች ዙሪያ ያደገችው አቃቂ ሁለቱ አዋጆች ጎን ለጎን የተገናኙባት ሥፍራ ናት። ከከተማው ክልል ውጭ ያለው ገበሬ እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት ሲያገኝ፣ በክልሉ ውስጥ ላለው ቤተሰብ ለመኖሪያ የተፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ትርፍ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌው ራሱ ወረዳ ከተባለ በኋላ እንኳ እኒያ ቤቶች ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ይባላሉ።

የሊዝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 80/1986 መጣ፤ በ272/1994 ተተካ፤ ያም በ721/2004 ተሻረ። የመጨረሻው አዋጅ በሊዝ ያልተያዘውን «ነባር ይዞታ» ብሎ ለየው፤ በላዩ ያለው ንብረት በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንዲገባም ደነገገ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የካሳው ታሪክ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህም ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ ለገበሬው የሚታሰብለት የንብረቱና ያጣው ገቢ እንጂ የመሬቱ ዋጋ አይደለም። ያው መሬት ወደ ከተማ ከተካተተ በኋላ ግን በካሬ ሜትር ለሊዝ ጨረታ ሊቀርብ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ለውጦ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው በ15 ይባዛ አለ። ለምሳሌ አማካይ ገቢው 20 ሺህ፣ የጥሩው ዓመት ገቢው 26 ሺህ ብር የሆነን ገበሬ እናስብ። በቀደመው ሕግ 200 ሺህ ብር ያገኛል፤ በኋለኛው 390 ሺህ። ድንበርተኛው ጥቂት ወራት ዘግይቶ በመነሳቱ ብቻ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ካሳ ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። ማሻሻያው ተገቢ ነበር፤ ቀድሞ ለተነሳው ግን ምንም አልጨመረለትም።

የዚህን ትምህርት ማስታወሻ በ1994፣ በ1997፣ በ2004 እና በ2012 ዓ.ም. እንደገና ጽፌዋለሁ። ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ይህን ያህል ከደከምኩ፣ ነጋሪት ጋዜጣ በእጁ ገብቶ የማያውቀው ገበሬ ለውጡን ያውቃል ተብሎ የሚገመተው በምን መንገድ ነው? እኔ ይህን ግምት ሕግ ለራሱ የሠራው ምቾት አድርጌ እመለከተዋለሁ። ባልደረቦቼ የሕግ ምሁራን ላይስማሙ ይችላሉ፤ ክርክሩን እወዳለሁ።

ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ ዘንድ አንድ የይዞታ ወረቀት አስፈቅዳችሁ ተመልከቱ። ቀኑን መዝግቡና በዚያ ዕለት በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ የትኛው እንደሆነ ጽፋችሁ አምጡ። ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ካጋጠማችሁም አትለፉት፤ መቼ እንደሰፈረ ጠይቁት።