ቈፍሮ ስለሚወጣ ገንዘብ፦ ከአርሆ አሞሌ እስከ ቤት ኮምፒዩተር

ገንዘብ ማለት በመንግሥት ትእዛዝ የሚታተም ወረቀት ወይም የሚቀረጽ ብረት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፥ የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን የገበያ ታሪክ ጥቂት ቢመረምር አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። በበጌምድር፥ ማለትም ዛሬ ደቡብ ጎንደር በምንለው አገር፥ ለብዙ ዘመን የዕለት መገበያያ ሁኖ የኖረው ንጉሥ ያላተመው፥ ባንክም ያላወጣው፥ ሰው በጉልበቱ ከምድር ፈንቅሎ ያወጣው አሞሌ ጨው ነበረ። በዘመናችን ደግሞ ቢትኮይን የሚባል፥ እንደዚሁ ያለ ንጉሥና ያለ ባንክ የሚወጣ ገንዘብ ተነሥቶአል፤ የሚያወጡትም ሰዎች ሥራቸውን ከማዕድን ሠራተኛ ቃል ወስደው «ቁፋሮ» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፦ በደብረ ታቦር የሚኖር፥ በቤቱም አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ፥ በትርፍ ጊዜው ይህን ቁፋሮ ልጀምር ቢል ምን ያገኛል? የማያገኝስ ከሆነ ምክንያቱ ምንድን ነው? ነገሩን ከጨው መጀመራችን ለወግ ያህል አይደለም፤ መልሱ ያለው እዚያ ስለ መሰለን ነው።

አሞሌ የሚወጣው በአፋር ዝቅተኛ ምድር፥ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች በሚወርደው የአርሆ ሜዳ ነው። ሠራተኞቹ የጨዉን ንጣፍ በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል፥ ሌሎች እየጠረቡ አንድ ዓይነት መልክ ይሰጡታል፥ ከዚያም በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። ንግዱ በ6ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረ ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ መስክሮአል፤ የአክሱም ነጋዴዎች ከብት፥ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደምትባል አገር ሄደው በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበረ ጽፎአል። ኋላም የጨው ቅፍለቱን የሚያዝና ቀረጡን የሚቀበል «ባልገዳ» የሚባል ሹም በትግራይ ነበረ።

ለጥያቄአችን ዋና ምስክር የምንቈጥረው ግን በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በአገራችን የቈየውን የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝን ነው። እርሱ እንደሚለው ጨዉ በሚወጣበት ቦታ 120 ወይም 130 አሞሌ በአንድ ድራም ወርቅ ይገዛ ነበር፤ ከገበያ ወደ ገበያ በተሻገረ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ ሄዶ፥ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ በዚያው አንድ ድራም የሚገኘው ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበረ። በክረምት ጊዜ እስከ አምስት ይወርድ ነበር። አንባቢ ይህን ልዩነት ልብ ብሎ ይመልከተው፤ ዋጋው ወደ ሃያ እጥፍ ያህል አድጎአል ማለት ነው። ጨዉ ግን ያው ጨው ነው። ዋጋውን የጨመሩት መንገዱ፥ ዳገቱ፥ ዝናቡ፥ ቀረጡና የግመሉ ኪራይ ናቸው።

ስለዚህ አሞሌ ከሚወጣበት ስፍራ ይልቅ የሚከበረው በሩቅ አገር ነበረ። ደብረ ታቦር ደግሞ ሩቅ ናት። ከአርሆ ሜዳ ተነሥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ለመጣ ነጋዴ ጨዉ ከባሕር ወለል በታች ተነሥቶ እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከተማዋን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ ከቈረቈሩአት ወዲህ የየጁ ራሶች መቀመጫ፥ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ ከተማ ስለ ሆነች፥ ሠራዊትና ባለሟል የተከማቸበት ስፍራ ገበያው ሳይደምቅ አይቀርም። በጣና አጠገብ ያለችው ይፋግም የታወቀች የገበያና የቀረጥ በር ነበረች። እንዲህ ባለው ገበያ ጨው ገንዘብም ምግብም ነው፤ ባለቤቱ ሲቸግረው ይቀምሰዋል፥ ሲመቸው ይገዛበታል። ችግሩም በዚያው ልክ ነው። እርጥበት ያሟሟዋል፥ ሲሰበር ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ በልጥ ይታሰራል፥ ጢስ በሚያገኘውም ስፍራ ይቀመጣል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፥ ያለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት የኢኮኖሚ ትምህርትም ያለው ይመስለናል፤ አሞሌ መገበያያነቱ ቢቀር እንኳ ጨውነቱ ይቀራልና።

ከአሞሌ ጋር አብሮ ይሠራበት ስለ ነበረው ስለ ጠገራ ብር ብዙ አንናገርም። አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መታተሙን አላቋረጠም። የእኛ አገር ሰው ንግሥቲቱ ማን እንደ ሆነች ሳይጠይቅ በራስ ጌጥዋና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ፈርጦች ቈጥሮ ይቀበል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስቀርጹም ጠገራው በቀላሉ አልለቀቀም። እንግዲህ አውጪውን ሳያውቁ ምልክቱን መርምሮ ገንዘብን ማመን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንለፍ። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተሰወረ ሰው (ወይም ሰዎች) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 31 ቀን 2008 አሳቡን በጽሑፍ ገለጠ፤ በጥር 3 ቀን 2009 የመጀመሪያው የመዝገብ ገጽ ተከፈተ። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በየዐሥር ደቂቃው ገደማ ሰዎች የተከፋፈሉት ገንዘብ ሁሉ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። ገጹን ለመዝጋት አንድ ቍጥር መገኘት አለበት፤ ይህንንም ቍጥር በብልሃት ማግኘት አይቻልም፥ በመሞከር ብቻ እንጂ። አስቀድሞ ያገኘው ኮምፒዩተር አዲስ ቢትኮይን ይሸለማል። ቍጥሩን ማግኘት እጅግ አድካሚ ሲሆን፥ የተገኘው እውነተኛ መሆኑን መመርመር ግን የቅጽበት ሥራ ነው፤ የጠገራውን ፈርጥ እንደ መቍጠር ያለ ነው። ሽልማቱ መጀመሪያ 50 ነበረ፤ በአራት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ በግማሽ እየቀነሰ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.125 ሆኖአል። ጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን አያልፍም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይህ በእርግጥ የቤት ኮምፒዩተር ሥራ ነበረ። ከናካሞቶ ቀጥሎ ሥራውን ከጀመሩት አንዱ አሜሪካዊው ሃል ፊኒ በቤቱ ኮምፒዩተር ብዙ ገጾችን ከዘጋ በኋላ፥ መሣሪያው እየጋለና የማቀዝቀዣው ድምፅ እያስቸገረው ስለ ሄደ ማጥፋቱን ራሱ ጽፎአል። በግንቦት 22 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ላዝሎ ሃንዬች የተባለው ሰው ለሁለት ፒዛ 10,000 ቢትኮይን ከፈለ። ይህ እንደ ሞኝነት እየተነገረ መቅረቱ ትክክል አይመስለንም። በዚያን ጊዜ ይህ ገንዘብ እንደ ጨው ቢቀመስ የሚጣፍጥ መሆኑን ያሳየ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን ምግብ ገዛበት።

የቤት ኮምፒዩተር ዘመን ግን ቶሎ አለፈ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሰዎች ለሥዕልና ለጨዋታ የተሠራውን የኮምፒዩተር ክፍል ለቁፋሮ አዋሉት፤ ከ2013 ጀምሮም ከዚህ በቀር ሌላ ምንም የማይሠሩ መሣሪያዎች መጡ። ከጨዉ ጋር ትልቁ ልዩነት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በአርሆ ሜዳ ቈፋሪ ሲበዛ የሚወጣው ጨው ይበዛል። በቢትኮይን ግን በየ2,016 ገጹ፥ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፥ ችግሩ እንደ ቈፋሪው ብዛት እንዲከብድ ተደርጎ ተሠርቶአል። ቈፋሪው ሲበዛ ድንጋዩ ይጠነክራል፤ የሚወጣው መጠን ግን ያው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ አሮጌ የቤት ኮምፒዩተር በሰከንድ 10 ሚሊዮን ያህል ሙከራ ያደርጋል እንበል። ይህ ብዙ ይመስላል። ዛሬ ለዚሁ ብቻ የተሠራ አንድ መሣሪያ ግን በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ያደርጋል፤ ስለዚህ የ20 ሚሊዮን አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ሥራ ብቻውን ይሠራል ማለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የዓለም ቈፋሪዎች ሁሉ ኃይል ተደምሮ በሰከንድ ወደ 600 ሚሊዮን ትሪሊዮን ገደማ ነበረ። በዚህ ልክ የእኛ ተማሪ ብቻውን አንድ ገጽ ለመዝጋት በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ኮምፒዩተሩ 100 ዋት የሚበላ ቢሆን፥ ሌሊትና ቀን ሲሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይቈጥርበታል። ከ2010 ጀምሮ ቈፋሪዎች በማኅበር ተሰብስበው ሽልማቱን እንደ ድካማቸው መጠን መካፈል ጀምረዋል፤ ይህ ግን የእኛን ሰው አይረዳውም። በሬ ጠምደው በመጡ ሰዎች ደቦ መካከል በመርፌ ሊቈፍር የገባ ሰው ድርሻው በመርፌው ልክ ነው። ሞኔሮ የሚባለው ሌላ ገንዘብ ከኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተራ ኮምፒዩተር እንዲስማማ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ በእርሱ ጥቂት ሳንቲም ማግኘት ይቻላል፤ በአሮጌ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ የመብራቱን ዋጋ እንኳ አይመልስም።

እንግዲህ ወደ አልቫሬዝ ቍጥር እንመለስ። አሞሌ ክብደት ስለ ነበረው ርቀት ዋጋውን ይጨምር ነበር፤ ከዋጋው ጭማሪም በመንገድ ያለ ሁሉ፥ ግመል ነጂውም፥ በር ጠባቂውም፥ ማደሪያ ሰጪውም ይካፈል ነበር። ቢትኮይን ክብደት የለውም። በደብረ ታቦርም በቴክሳስም ዋጋው በአንድ ሰዓት አንድ ነው። ስለዚህ ተሸክሞ በማሻገር የሚገኝ ትርፍ የለም፤ ትርፉ ሁሉ የሚገኘው ኤሌክትሪክን ከሌላው አርክሶ በመግዛት ነው። በጨው ዘመን ምንጩ አጠገብ ያለው ቈፋሪ ድኃ ነበረ፥ ሩቅ ያለው ነጋዴ ከበረ፤ ዛሬ ግን ከምንጩ አጠገብ የተቀመጠው ባለ ብዙ መሣሪያ ከብሮ፥ ሩቅ ያለው ተማሪ ባዶ እጁን ይቀራል። የተማሪውን ተስፋ የሚያከሽፈው የእውቀቱ ማነስ አይደለም፤ መብራትን በችርቻሮ መግዛቱና መሣሪያው ማርጀቱ ነው።

ምንጩስ የት ነው ቢባል፥ አንዱ በአገራችን ነው። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ቁፋሮውን ከከለከለች በኋላ መሣሪያዎቹ ርካሽ ኃይል ወዳለበት አገር ተሰደዱ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በየካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነበረ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 ቈፋሪ ድርጅቶች ጋር ውል ማሰሩ፥ ከእነርሱም 19ኙ ቻይናውያን መሆናቸው ተነግሮአል፤ ዋጋውም በዚያን ጊዜ በኪሎዋት ሰዓት ከሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ብዙ የማይበልጥ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ጠያቂዎች ፈቃድ መስጠት ማቆሙ ተሰማ።

በጉና ተራራ ላይ የሚዘንመው ውሃ በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል፥ ከጣናም በዓባይ ወደ ጉባ ይሄዳል። ጨዉ ከታች ወደ ላይ ይወጣ እንደ ነበረ፥ ይህ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ካለው ተራራ ወደ ታች ይወርዳል። ስለ ሽያጩ በሁለት በኩል የሚነገር አለ። ወደ ገጠር የሚሄደው መስመር እስኪዘረጋ ድረስ የመነጨው ኃይል ከሚባክን ለውጭ ምንዛሪ ቢሸጥ ይሻላል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም፤ እነዚያም መሣሪያ የተደረደረባቸው ቤቶች የሚቀጥሩት ሰው ጥቂት ነው፥ ገበያም አቋርጠው አያልፉም። የጨው ቅፍለት ሰቆጣን አልምታለች፤ የቢትኮይን ቅፍለት ግን የሚያድርበት ከተማ የለውም። ኃይሉን ለጊዜው መሸጥ ተገቢ ነው ብንልም፥ ውሉ ሲያልቅ መስመሩ ደጋ መድረሱ ከዋጋው ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው እንላለን።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንጨምር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቆአል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ በሥራው የተሰማሩት እንዲመዘገቡ ጠይቆአል። ቈፍሮ ማውጣቱ በምዝገባ ሲታይ፥ የወጣውን በገበያ ማዋሉ ግን ተከልክሎአል ማለት ነው፤ ለትልቁ ድርጅት ይህ ችግር አይደለም፥ ገበያው ውጭ አገር ነውና። ለደብረ ታቦር ተማሪ ግን ችግር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቈየቱም አይረሳም፤ መረብ የሌለው ኮምፒዩተር ከአርሆ መንገድ እንደ ተቈረጠ ግመል ነው።

አሮጌው ኮምፒዩተር ግን ለአንድ ነገር ይበቃል። ቢትኮይን ለመማሪያ ብቻ የተዘጋጀ፥ ገንዘቡ ዋጋ የሌለው የሙከራ መረብ አለው። በእርሱ ላይ ተማሪው ገጽ እንዴት እንደሚዘጋ፥ ቍጥሩ እንዴት እንደሚፈተን፥ መዝገቡም እንዴት እንደማይሰረዝ በእጁ ሊያይ ይችላል። የሚያወጣው ወጪ በወር የ72 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ነው፤ በየማታው ሁለት ሰዓት ብቻ ቢያሠራው ደግሞ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።