ፈረቃ

ክረምትና በጋ ይፈራረቃሉ፣ ዘበኞችም ይፈራረቃሉ፤ ቃሉ የዚሁ ግሥ ዘመድ ነው። ፋብሪካው «የሌሊት ፈረቃ»፣ ትምህርት ቤቱ «የጠዋት ፈረቃ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን «የእኛ ሰፈር ፈረቃ ማክሰኞ ነው» ከተባለ ነገሩ የውሃ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በፋብሪካ ሰው ይቀየራል እንጂ ማሽኑ አይቆምም፤ በውሃ ፈረቃ የሚቆመው ቧንቧው ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ በስንጥቁ ቆሻሻ ይስባል። ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይወርዳል።

ለአንድ በጋ የወጣ ከሆነ ፈረቃ መባሉ ያስኬዳል። ዓመት ከዓመት ሲዘልቅ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ የዕቅድ ጉድለት ነው። ከተማዋ ገፈርሳን በ1940ዎቹ፣ ለገዳዲን በ1970፣ ድሬን በ1999 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ገደበች፤ የአቃቂ ጉድጓዶችም ተጨመሩ። በለገዳዲና በድሬ መካከል ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ነዋሪው ግን መብዛቱን አላቆመም።

ፈረቃ ውሃ ይቆጥባል የሚሉም አሉ። ቀኑ ሲደርስ ግን ሁሉም ሮቶውን፣ በርሜሉንና ጀሪካኑን በአንድ ሰዓት ይሞላል፤ ግፊቱ ይወርድና ዳገት ላይ ያለው ቤት በገዛ ፈረቃው ቀን ሳያገኝ ያድራል።