የጨርጨርና የገለምሶ የሕክምና ታሪክ በቤተ መጻሕፍት ሲፈለግ

የአንድን አገር የሕክምና ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ መዝገቡን ከመግለጡ አስቀድሞ «ይህን ማን ጻፈው? ለማንስ ብሎ ጻፈው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ገለምሶና በዙሪያዋ ስላለው ስለ ጨርጨር አገር ሕክምና ከቤተ መጻሕፍት ምን ማግኘት እንደሚቻልና ምን እንደሚጎድል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የውጭ አገር ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ሕክምና የጻፉት አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መንግሥትንና መንገድን የተከተለ ነው። ፈረንሳዊው ፖንሴ በ1699 ጎንደር የደረሰው ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱን ለማከም ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ዋና ሥራውን የሠራው በአዲስ አበባ ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1910 እዚያው ተቋቋመ። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆላውን በሚኤሶ በኩል አልፎ ሄደ እንጂ ወደ ገለምሶ አልወጣም። ስለዚህ በመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ «ገለምሶ» የሚለውን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም፤ በሌላ በር መግባት አለበት። እኛም ሦስት በሮችን እናመለክታለን።

የመጀመሪያው የሰው ታሪክ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በጎንደር ተወልደው፥ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አድገው በ1882 በላሆር ሕክምና ተምረው ተመረቁ። ከዚያም በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፥ በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ መቀመጫቸውም የዛሬዋ ጭሮ፥ አሰበ ተፈሪ ነበረች። ስለ እርሳቸው ባሕሩ ዘውዴ በ2002፥ ፒተር ጋረትሰንም በ2012 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሰፊ ነገር ይገኛል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐኪም ወርቅነህ ጨርጨርን የያዙት በገዥነት ነው፤ የዚያ ዘመን ጽሑፍም ይበልጥ የሚያወሳው ስለ አስተዳደር መሻሻል ነው። «ገዥው ሐኪም ስለ ነበሩ ሕዝቡ ታከመ» ብሎ መደምደም ማዕረግን እንደ ማስረጃ መቍጠር ይሆናል።

ሁለተኛው በር ዕፅ ነው። ኮሶ፥ በኦሮምኛ ሄጦ የሚባለው፥ በደጋው የሚበቅል ዛፍ ሲሆን አበባው ለኮሶ ትል መድኃኒት ነው። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ገልጾታል። በኋላም ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ኃይሉን አይቶ ለአውሮፓ ስላስታወቀ ተክሉ ለጊዜው «ብራዬራ» ተብሎ በስሙ ተጠራ። ዛሬ የሚጠራበት «ሐጌኒያ» የሚለው ስምም ሐገን ከተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ የመጣ ነው። እንግዲህ የባሕር ማዶ ሰዎች ስም በመጽሐፍ ሲቀር፥ አበባውን አድርቃ፥ ወቅጣ፥ ለታማሚው በልክ ያጠጣችው እናት ስም ግን አልተመዘገበም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ሰውን የሚጎዳ ነውና ልኩን ማወቅ ራሱ ትልቅ የሕክምና ዕውቀት ነበር።

ሦስተኛው በር የብራና ጽሑፍ ነው። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከ1968 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት ባሳተሙት ሥራ የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት መጻሕፍትን ለተመራማሪ አቅርበዋል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ምንጩ ግን ይበልጡን የደብተራ ዕውቀት ነው። ገለምሶ ደግሞ በእስልምና ትምህርት የታወቀች ከተማ ስለ ሆነች የእርሷን የጽሑፍ ቅርስ የሚፈልግ ሰው ወደ ዐረብኛው ፊደል መዞር አለበት። ለዚህም በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡት ጥንታውያን መጻሕፍት ጥሩ መነሻ ናቸው። የኦሮሞ ባላገር የመድኃኒት ዕውቀት ግን ይበልጡን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ስለዚህ ከመደርደሪያው ላይ ብቻ ሊገኝ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ቤተ መጻሕፍት ስለ ጨርጨር ብዙ እንደሚያስተምረን፥ ሆኖም በእርሱ ብቻ ብንወሰን ታሪኩ የገዥዎችና የመንገደኞች ታሪክ ሆኖ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ከምዕራብ ሐረርጌ የመጡ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ጠይቀው የዕፁን ስም በአገሩ ቋንቋ፥ አዘገጃጀቱን፥ ልኩንና የሚፈውሰውን በሽታ እንዲጽፉ እናሳስባለን። የተናጋሪው ፈቃድ ሳይጠየቅ ግን ምንም እንዳይጻፍ። ቅጠሉ ለብሔራዊ ዕፀዋት ክምችት ታይቶ፥ ጽሑፉ በ1963 በተመሠረተው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢቀመጥ የሚቀጥለው ተማሪ «ገለምሶ» ብሎ ሲፈልግ የሚያነበው ያገኛል። ባለ ዕውቀቶቹ እያረጁ፥ የኮሶውም ዛፍ እየተመናመነ ነውና ሥራው ለሌላ ትውልድ የሚተው አይደለም።