የሞገድ ሕክምና ታሪክ፤ ከአውሮፕላን እስከ ጭራ አጥንት



ወገቡን ያመመው ሰው «ወገቤን» ብሎ ይናገራል። ከመቀመጫ መካከል ያለችው የአከርካሪ መጨረሻ አጥንት ስትታመም ግን ብዙ ሰው ዝም ይላል። በተለይ እናቶች ይህን ለሐኪም በልጃቸው አፍ ማስተርጎም ያሳፍራቸዋል። ይህች አጥንት ጭራ አጥንት ትባላለች፤ በዕብራይስጥ «ዔጼም ሃዛናቭ» ናት።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን በ1859 ስም ሰጥቶ ጽፎበታል (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመቀመጫ መውደቅ፣ አስቸጋሪ ወሊድ፣ በደረቅ ነገር ላይ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ያመጡታል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። በአገር ቤት እንዲህ ያለ ሕመም ሲነሣ ወጌሻ ይጠራ፣ ዋግምት ይታገም ነበር። ዛሬ ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚያዝዙት ለአጥንቷ ክፍት ቦታ ያለው ትራስ፣ ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ነው። ካልተሻለ መርፌ ይሰጣል፤ አልፎ አልፎም በቀዶ ሕክምና አጥንቷ ትወጣለች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚሞከር ሌላም መንገድ አለ፤ በዕብራይስጥ «ጋሌ ሄሌም» ይሉታል። ስሙን ሰምቶ ኤሌክትሪክ በሰውነት የሚለቀቅ የሚመስለው አለ። እንዲያ አይደለም። ከበሮ በቅርብ ሲመታ ደረታችን ላይ እንደሚሰማን ያለ፣ ግን እጅግ የበረታና የፈጠነ የግፊት ሞገድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሆስፒታል አይደለም። በ1960ዎቹ ዶርኒየር የተባለው የጀርመን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ፣ የዝናብ ጠብታ እጅግ ፈጣን አውሮፕላኖችን እንዴት እንደሚጎዳ ያጠና ነበር። ጠብታው ሲመታ የሚፈጠረው ሞገድ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደሚሄድ ተገነዘበ። ታዲያ ይህ ሞገድ ሥጋን አልፎ የኩላሊት ጠጠር ቢሰብርስ? ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 በሙኒክ ከተማ ዶክተር ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን በሽተኛ ውኃ ውስጥ አስገብተው አከሙት። ጠጠር ያለ ቢላዋ ሊሰበር ቻለ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ወደ አጥንትና ጅማት ዞሩ። በ1991 የቡልጋሪያ ሐኪሞች አልጋጠም ያለ ስብራትን በሞገድ ማከማቸውን ጻፉ። በ2000 የአሜሪካ መንግሥት ለተረከዝ ሕመም ፈቀደው። እዚሁ በከተማችን በሃይፋም፣ የራምባም ሆስፒታሉ ፕሮፌሰር ዮራም ቫርዲና ባልደረቦቻቸው ለስላሳ ሞገድ የደም ዝውውርን ይረዳ እንደሆነ፣ የብልት መዳከም ባለባቸው 20 ወንዶች ላይ የሞከሩበትን ጥናት በ2010 አሳተሙ። ጭራ አጥንት ተራዋ የደረሳት ዘግይቶ ነው። በ2015 በታይዋን በ41 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሞገድ የታከሙት በሙቀትና በኤሌክትሪክ ፊዚዮቴራፒ ከታከሙት ይልቅ ሕመማቸው እንደቀለለ አሳየ።

41 ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ተስፋ ሰጪ እንጂ የተረጋገጠ መድኃኒት አይባልም። እርስዎም ወደ ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ሕክምናው ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነና ክፍያው በማን እንደሆነ ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። በልጅዎ አፍ መናገር ካሳፈረዎ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጉ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ያስጀመሩት ሕክምና እንኳ የሚያመው የት እንደሆነ ላልተናገረ ሰው አይደርስም።