የሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ4 የተለመዱ ብልሽቶችና የጥገና ወጪ

የሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ4 የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ ያቀረበውና በ2012 አካባቢ በአራተኛው ትውልድ የተተካ የቤተሰብ መኪና ነው። በፋብሪካው መለያ ኤክስኤ30 ይባላል። ይህ ጽሑፍ መኪናው ካረጀ በኋላ የሚታዩበትን የተለመዱ ብልሽቶች፣ ምክንያታቸውንና የጥገና ወጪያቸውን ይገልጻል።

አጠቃላይ ገጽታ

የራቭ4 የመጀመሪያው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ተዋወቀ። ሦስተኛው ትውልድ በየገበያው የተለያየ ሞተር ተገጥሞለታል። ከእነዚህ ውስጥ ባለ 2.0 ሊትር፣ ባለ 2.4 ሊትር እና በኋላ የመጣው ባለ 2.5 ሊትር ቤንዚን ሞተሮች ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ባለ 3.5 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር፣ በአውሮፓ ደግሞ ባለ 2.2 ሊትር ናፍጣ ሞተርም ቀርቧል። አንዱን ዓይነት የሚያጠቃው ብልሽት ሌላው ላይ ላይኖር ስለሚችል፣ ያገለገለ መኪና ሲመረመር መጀመሪያ የሚታወቀው የሞተሩ ዓይነት ነው።

የሞተር ዘይት መብላት

ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ችግር የባለ 2.4 ሊትሩ ሞተር (2ኤዜድ-ኤፍኢ) ዘይት መብላት ነው። በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት ፋሻዎች የሲሊንደሩን ግድግዳ ጠርገው ዘይቱን ወደ ታች መመለስ አለባቸው። የመመለሻው ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑና ፋሻዎቹ ሲጣበቁ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

ቶዮታ በአሜሪካ ለ2006 እስከ 2008 ሞዴል ራቭ4 ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል (240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) አራዝሞ ነበር። ጥገናው ፒስተኖቹንና ፋሻዎቹን በተሻሻሉ መቀየር ሲሆን፣ መለኪያው በ1,200 ማይል (1,930 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከአንድ ኳርት (0.95 ሊትር) በላይ መብላት ነው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 4.3 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን የሚበላ ሞተር ዘይት ሳይጨመርለት 8,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ያጣል ማለት ነው።

ብልሽቱ ከታች የሚንጠባጠብ ነገር ስለማያሳይ ብዙ ባለቤቶች ሳያውቁት ይቆያሉ። በየሳምንቱ ሊቤሎ አውጥቶ ማየትና የጎደለውን መሙላት ወጪው አነስተኛ ነው። ፒስተንና ፋሻ ማስቀየር ግን ሞተሩን መበተን ስለሚጠይቅ፣ ዋስትና በሌለበት በአሜሪካ ጋራዦች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል።

የቴስታታ ብሎን መላቀቅ

በዚያው ሞተር ላይ፣ በተለይ ቀደም ብለው በተመረቱት፣ ቴስታታውን የሚይዙት የኋላ ብሎኖች የገቡበት የአሉሚኒየም ጥርስ ሊበላ ይችላል። ብሎኑ ሲላላ ጓርኒሲዮኑ ክፍተት ያገኝና የራዲያተር ውሃ ከሞተሩ ጀርባ መንጠብ ይጀምራል። ቦታው ከፊት ሲታይ የተሸሸገ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያልታወቀ የውሃ መጉደል ነው።

ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር እዚህ ላይ በቂ አይደለም። የተበላው ቀዳዳ ተሰርስሮ የብረት ጥርስ ካልገባለት ብሎኑ እንደገና ይላላል። በዚህ ሥራ ገንዘቡን የሚወስደው ዕቃው ሳይሆን የሰው ጉልበቱ ነው።

አዲስ አበባን በመሰሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ከተሞች ተራ ውሃ በክፍት ዕቃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ወይም ውሃ ከጎደለ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል።

ሌሎች የሞተር ችግሮች

በስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ላይ ወደ ቫልቭ መቆጣጠሪያው ዘይት የሚወስደው መስመር ከፊሉ ጎማ ነበር። ጎማው ሲፈነዳ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈስሳል፤ ሾፌሩ ወዲያው ካላቆመም ሞተሩ ይነክሳል። ቶዮታ በኋላ መስመሩን ሙሉ በሙሉ የብረት አድርጎታል። ቱቦውን አስቀድሞ ማስቀየር ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የናፍጣው ሞተር የሚታወቀው ደግሞ በቴስታታ ጓርኒሲዮን ብልሽት ነው።

የቤንዚን ሞተሮቹ የሚሠሩት በሰንሰለት እንጂ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር በሚቀየር ቺንጋ አይደለም። ስለዚህ ለ«ታይሚንግ ቺንጋ ቅየራ» ክፍያ የተጠየቀ ባለቤት ጥያቄ ማንሳት ይገባዋል።

መሪና የኋላ እግር

መሪው ሲዞር የሚሰማ የ«ቀጭ» ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሪውን ከታችኛው ክፍል ጋር ከሚያገናኘው መካከለኛ ዘንግ ነው። የመሪው ማገዣ ኤሌክትሪክ ስለሆነ የመሪ ዘይት የለውም፤ ድምፁም ዘይት በመጨመር አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቶዮታ በአሜሪካ 760,000 ገደማ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ራቭ4 መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። የጎማ አቅጣጫ ሲስተካከል የኋላ እግር ዘንግ ዳዶ በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ ሊዝግና ዘንጉ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም የጎማ ማስተካከል ሥራ ሲጠናቀቅ የዳዶውን መጥበቅ ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው። ከኋላ የሚመጣና ከፍጥነት ጋር የሚጨምር የማጓራት ድምፅ ደግሞ በአብዛኛው የጎማ ኩሽኔታ ማለቁን ያመለክታል።

የወጪ ደረጃዎች

የጥገና ወጪዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ዝቅተኛው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የራዲያተር ክዳን ነው። መካከለኛው የመሪ ዘንግ፣ ኩሽኔታና የውሃ ፖምፓ ሲሆን፣ ከፍተኛው ፒስተን፣ ቴስታታ ወይም ሙሉ ሞተር ነው። ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በዝቅተኛው ደረጃ ባለ ምልክት፣ ማለትም በዘይት ወይም በውሃ መጉደል ነው።

በኢትዮጵያ

መኪናው ኢትዮጵያ ውስጥ በስፋት የሚታይ ሲሆን «ራቭ ፎር» በመባል ይታወቃል። በውጭ አገር የተሰጡት የተራዘሙ ዋስትናዎች ጊዜያቸው ስላለፈ ወጪው ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ ላይ ያርፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በመጨመሩ፣ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫም ተወድዷል። ያገለገሉ መለዋወጫዎች በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ያገለገለ ሞተር ያው ዘይት የመብላት ችግር ሊኖረው ስለሚችል ከመገጠሙ በፊት መመርመር አለበት።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሞተሩ ጠዋት ሳይነሣ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ የዘይቱና የውሃው መጠን ይታያል። ከዚያ መኪናው ተነሥቶ የጭሱ ቀለም ይስተዋላል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በመጨረሻም የሞተሩ ጀርባ በባትሪ መብራት ተፈትሾ የደረቀ የውሃ ምልክት መኖር አለመኖሩ ይረጋገጣል። ሻጩ ዘይት የቀየረው በቅርቡ ከሆነ፣ የዘይቱ ሙሉ መሆን ብቻውን ሞተሩ ዘይት እንደማይበላ ማረጋገጫ አይሆንም።