የእርጥበት ዝውውር በሲሚንቶ ውጤቶች

ውሃና የውሃ ተን በኮንክሪት፣ በልስንና በብሎኬት ቀዳዳዎች በኩል የሚገቡበትና የሚወጡበት ሂደት ነው። የጠነከረ ሲሚንቶ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለው፦ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሰፉት የጄል ቀዳዳዎችና ትርፍ ውሃ ይዞት ከነበረው ቦታ የሚቀሩት፣ ሰፋ ያሉት ካፒላሪዎች። ሲቦካ ውሃ በበዛ ቁጥር ካፒላሪዎቹ ይበዛሉ፤ እርስ በርስም ይገናኛሉ። የብዙ ግንባታዎች ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደረቅ ግድግዳ ውሃ ሲነካው በካፒላሪዎቹ ይመጠዋል። መጠኑ በመጀመሪያ ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናል፤ በ1 ሰዓት የገባው እጥፍ እንዲሆን በድምሩ 4 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። መድረቅ ግን እጅግ ያዘግማል። ገጹ ከደረቀ በኋላ ውስጥ የቀረው በአብዛኛው ተን ሆኖ በስርጭት ይወጣልና፣ በሰዓታት የገባው ለመውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከጠባብ አንገት በስተጀርባ የታሰረ ውሃም አንገቱ ባዶ እስኪሆን አይለቅም። ስለዚህ በእኩል የአየር እርጥበት፣ እየደረቀ ያለ ኮንክሪት እየረጠበ ካለው ይልቅ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ይህም ሂስተሬሲስ ይባላል።

ከመሠረት ሽቅብ የሚሳበው ውሃ የሟሟ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሲተን ጨው በግድግዳው ግርጌ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያልደረቀ ልስን በዘይት ቀለም ከተሸፈነ ደግሞ መውጫ ያጣው እርጥበት ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ይልጠዋልም።